የዐጸዱ ጥላ፦ የላስታ አድባራት ልምላሜና ጠባቂዎቹ

አገርን በዛፍና በአበባ ማስጌጥ፣ ለዚህም ሲባል ጎረቤት ከጎረቤቱ ጋር ተስማምቶ በማኅበር መሥራት፣ በቅርብ ዘመን ከባሕር ማዶ የመጣ ሥልጣኔ የሚመስላቸው ሰዎች አይታጡም። እርግጥ በለንደን ከተማ የአትክልት ወዳጆች በ1804 እ.ኤ.አ. ተሰብስበው ማኅበር አቋቁመዋል፤ በአሜሪካም በጆርጂያ ግዛት፣ አቴንስ በምትባለው ከተማ፣ ሴቶች በ1891 እ.ኤ.አ. የመሠረቱት የአትክልት ማኅበር ለብዙ ከተሞች አርአያ ሆኗል። ነገር ግን በላስታ ተራሮች ላይ፣ ላሊበላን ከብበው በቆሙት አድባራትና ገዳማት ዙሪያ፣ ከእነዚህ ማኅበራት በብዙ መቶ ዓመታት የቀደመ የተክል ጥበቃ ሥራ ሲሠራ ኖሯል፤ ሠራተኞቹም ይህን ሥራ እንደ ክብራቸው እንጂ እንደ ጌጥ አልቆጠሩትምና ስለ እርሱ የተጻፈው ከሥራው ብዛት ጋር ሲመዛዘን እጅግ ጥቂት ነው። ስለዚህ የዚህን ልማድ ያለፈ ታሪክ፣ የጸናበትንና የላላበትን ምክንያት፣ በአቅማችን ልንመረምር ወደድን።

ከቃሉ እንጀምር። ዐጸድ በግእዝ ቋንቋ በቅጥር የተከበበ ስፍራ ማለት ነው። ዐጸደ ወይን ሲባል የወይን ተክል ቦታ ነው፤ ዐጸደ ቤተ ክርስቲያን ሲባል ታቦቱ ያለበት፣ ዛፉም መቃብሩም በአንድነት የሚገኝበት ቅጥር ግቢ ነው። አባቶቻችን ከዚህም አልፈው በሕይወት ያለውን ሰው በዐጸደ ሥጋ አለ፣ የሞተውንም በዐጸደ ነፍስ አለ ይላሉ። የሰው ኑሮ በዚህ ዓለምም በወዲያኛውም በተክል ቦታ አምሳል መነገሩ ለልምላሜ የነበራቸውን ክብር ያመለክታል። ዛፍና ቅጥር በአንድ ቃል ውስጥ አብረው የኖሩበትም ምክንያት አለው፤ በደጋ አገር፣ ፍየልና ላም በሚሰማሩበት፣ እንጨት ለማገዶ በሚፈለግበት ምድር፣ ቅጥር የሌለው ችግኝ ዛፍ ለመሆን አይበቃም። የላስታ ልምላሜ ታሪክ እንግዲህ ከተካዩ ይልቅ የቅጥሩና የጠባቂው ታሪክ ነው፤ ወደ ፊት የምንናገረውም ሁሉ ይህንኑ ያስረዳል።

ላስታ የተከዜ ወንዝ የሚመነጭበት፣ የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ከ4,200 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ የሚታይበት ደገኛ አገር ነው። በተራራው አናት ጓሳና ጅባራ ይበቅላል፤ ከዚያ ዝቅ ሲል አስታ፣ ከአስታውም በታች ኮሶና ጽድ፣ ወደ ወይና ደጋው ሲወርዱም ወይራና ግራር እንደየአየሩ ጠባይ ሥርዓት ይዘው ይገኛሉ። የቦታዎቹ ስም ራሱ የተክል ወሬ ይነግረናል። ቀድሞ ሮሐ ትባል የነበረችው ከተማ ስሟን ያገኘችበት ንጉሥ በተወለደ ጊዜ ንቦች ከበውት እናቱ ንብ ሥልጣኑን ዐወቀች ስትል ላሊበላ ብላ እንደ ሰየመችው በትውፊት ይነገራል። ንብ አበባ በሌለበት አገር አትሰፍርምና ይህ ስም ለምድሩ አበባ ምስክር ሆኖ ይኖራል። ከላሊበላ ራቅ ብሎ ባለው በብልባላ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያንም ንቦች ከጥንት ጀምሮ እንደሚኖሩ ይነገራል፤ ማራቸውንም ምእመናን ለፈውስ ይወስዱታል።

የዛጔ ነገሥታት ሮሐን ሁለተኛ ኢየሩሳሌም ለማድረግ ባሰቡ ጊዜ ለወንዙ ዮርዳኖስ፣ ለኮረብቶቹም ደብረ ዘይትና ደብረ ታቦር የሚል ስም ወጣላቸው። ደብረ ዘይት ማለት የወይራ ዘይት ተራራ ማለት ነው፤ ወይራም በዚህ አገር የሚበቅል፣ የሕዝቡ የዘወትር ዛፍ ነውና ስሙ በባዕድ ምድር የተጫነ መጠሪያ አልሆነም። በአንድ ወጥ ዐለት በተፈለፈለው በቤተ ጊዮርጊስ ውስጥም ንጉሥ ላሊበላ በእጁ ሠራው የሚባል የወይራ ሣጥን ይገኛል። በኋለኛው ዘመን በከተማዪቱ የተሠራ አንድ ሆቴል ሰባት ወይራ የሚል ስም መያዙም ይህ ዝምድና እስከ ዛሬ እንዳልተቋረጠ ያሳያል። ከላሊበላ በስተምሥራቅ ያለችውን፣ በአፄ ይኩኖ አምላክ ዘመን፣ ማለትም ከ1270 እስከ 1285 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ የታነጸችውን ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ገነተ ማርያም ብለው ሰየሟት። ገነት የተክል ቦታ ነው፤ እንግዲህ በግድግዳዋ ላይ የንጉሡ ሥዕል የተሣለባት ይህች ቤተ ክርስቲያን በስሟ የእመቤታችን የአትክልት ስፍራ ናት።

ስለ ዕፅዋቱ ጥበቃ ግን ከሁሉ አብልጦ የሚያስረዳን ከላሊበላ በስተሰሜን ምሥራቅ፣ በተራራ ዋሻ ውስጥ የቆመው የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ነው። ንጉሥም ካህንም የነበረው ይምርሐነ ክርስቶስ ከንጉሥ ላሊበላ አስቀድሞ ያሳነጸው ይህ ቤት ከዐለት አልተፈለፈለም፤ እንደ አክሱም ሕንፃዎች ሥርዓት የእንጨትና የድንጋይ ረድፍ እየተፈራረቀ፣ ድንጋዩ በነጭ ኖራ ተመርጎ፣ ተሠርቷል። እንግዲህ ግንበኛው የዛፍን ዋጋ በሚገባ የሚያውቅ ሰው ነበረ። ዛሬም ወደ ዋሻው የሚወጣው ተሳላሚ የሚያልፈው በጽድ ጫካ ውስጥ ነው፤ በዙሪያው ያለው ኮረብታ በተራቆተበት ዘመን ይህ ጽድ ቆሞ መገኘቱ በአጋጣሚ አይደለም። መሣሪያ ይዞ የሚጠብቀው ዘብ ባልነበረበት ጊዜ እንኳ የታቦቱ ክብር ጠብቆታል፤ ታቦቱን የሚያከብረውም ሕዝብ ጠብቆታል።

ይህ ጥበቃ በምን ሥርዓት ይከናወን እንደ ነበረ ማወቅ ያስፈልጋል። በደብሩ ንብረት ላይ የተሾመ ገበዝ አለ፤ ንዋየ ቅድሳቱን እንደሚጠብቅ ሁሉ ዐጸዱንም ይጠብቃል። ዛፉ የሚቆረጠው ለቤተ ክርስቲያኑ ሥራ ብቻ ነው፤ ለጣሪያው ማገር፣ ለደጃፉ ሣንቃ፣ ለካህናቱ መቋሚያ፣ ለከበሮው ገላ የሚሆን እንጨት ካስፈለገ በካህናቱ ስምምነት ይቆረጣል፤ የወደቀውና የደረቀው ቅርንጫፍ በቤተ ልሔሙ ለመሥዋዕቱ ኅብስት መጋገሪያ ይነዳል። ከዚህ ውጪ ለገዛ ቤቱ ወይም ለገበያ የቆረጠ ሰው የታቦቱን ንብረት እንደ ደፈረ ይቆጠራል፤ ግዝት ይፈራል፣ ንስሐ ይገባል፣ በመንደሩም ዘንድ ያፍራል። ደብር ያለ ዛፍ የተራቆተ ይመስላቸው ነበርና፣ ዐጸዱን መመንጠር ቤተ ክርስቲያኑን ልብስ እንደ መግፈፍ ይታይ ነበር።

ለዚህ ሥራ የተለየ ማኅበር ማቋቋም አላስፈለገም፤ ማኅበራቱ አስቀድሞ ነበሩና። በየሰንበቱ ከቅዳሴ በኋላ በዐጸዱ ጥላ ሥር ተሰብስቦ ጠላውንና ዳቦውን ቀምሶ፣ ድኻውንም አብልቶ የሚለያየው ሰንበቴ አለ፤ በወር በወር በጻድቁ ወይም በሰማዕቱ ቀን ጽዋ የሚያነሣው ማኅበር አለ፤ በወሎ ቅሬ የሚባለው፣ በሌላው አገር ዕድር ተብሎ የሚታወቀው፣ ለሞት ቀን የሚደርስ ኅብረት አለ። የካቡ ድንጋይ በዝናብ ሲናድ፣ የውኃው መውረጃ ሲደፈን፣ ክረምቱ መጥቶ ችግኝ የሚተከልበት ቀን ሲደርስ፣ እነዚሁ ሰዎች በደቦ ይወጣሉ። አንዱ ድንጋይ ያነሣል፤ ሌላው ያለ ጭቃ፣ ድንጋይን በድንጋይ እያሰናሰለ ይክባል፤ ሴቶቹ ጠላና ንፍሮ ይዘው ይመጣሉ፤ ካህኑም ሥራውን በጸሎት ይከፍታል። የዘመኑ የአትክልት ማኅበር አባላት መዋጮ ከፍለው የሚያገኙትን ነገር ሁሉ፣ ማለትም ጉልበትን፣ ሥርዓትንና ወዳጅነትን፣ የላስታ ሰው ከሰንበቴው ያገኘው ነበር።

ከዕፅዋቱ ጠባይ ያገኙት ዕውቀትም ቀላል አልነበረም። የወይራ ፍሬ በወፍ ሆድ ተጉዞ በቁጥቋጦ ሥር ይወድቃል፤ ቡቃያውም በእሾሃማው ቁጥቋጦ ተከልሎ፣ ከፀሐይና ከፍየል ጥርስ ድኖ ያድጋል። ስለዚህ የተመነጠረ ስፍራ ንጹሕ ቢመስልም ለወይራ መካን ነው፤ ቁጥቋጦው ያልተነካበት ዐጸድ ግን ማንም ሳይተክልበት ራሱን ይተካል። የቅጥሩ ድንጋይ፣ የቁጥቋጦው እሾህና የገበዙ ዓይን ሦስቱ ተባብረው፣ ከትውልድ ወደ ትውልድ ዛፍን በዛፍ ሲተኩ ኖረዋል። በአቡነ ዮሴፍ ገመገም ላይ ያለችው አሸተን ማርያምም፣ ከዋሻው ጣሪያ የሚንጠባጠበውን ጸበል በድንጋይ ገንዳዎች የምትቀበለው የነአኩቶ ለአብ ቤተ ክርስቲያንም፣ ዛፍና ውኃ የተያያዙ መሆናቸውን ለተመልካች ሁሉ ያስተምራሉ፤ ከበላዩ አፈርና ሥር ከሌለ ከበታቹ ጸበል አይንጠባጠብምና።

የደብሩን ዐጸድ ወንዶቹ ሲጠብቁ፣ የቤቱን ዐጸድ የሠሩት ሴቶች ናቸው። በቀይ ድንጋይ ተገንብተው፣ ባለ ደርብ ሆነው፣ ሣር በተከደኑት የላስታ ክብ ቤቶች ጓሮ፣ ጌሾ ለጠላው፣ ጤና አዳም ለቡናውና ለሆድ ቁርጠቱ፣ ዳማከሴ ለምቹ፣ በሶብላ ለወጡ ይተከላል። ወይራው ደግሞ ጋንና ቅል ለማጠን፣ ጥርስ ለመፋቅ ያገለግላል። እነዚህን ተክሎች ዘራቸውንና ጠባያቸውን ዐውቆ፣ ከጎረቤት ቆንጥሮ አምጥቶ ማጽደቅ፣ ለምትዳር ልጅም ማውረስ፣ የእናቶች ትምህርት ነበር። በነሐሴ 16 ቀን፣ የፍልሰታ ጾም ሲፈታ፣ የላስታ ልጃገረዶች የሚያከብሩት በዓል ስሙ አሸንድዬ መባሉም ከዚሁ የተያያዘ ነው፤ አሸንድዬ ልጃገረዶቹ ወገባቸው ላይ የሚያስሩት ለምለም ሣር ነውና። በዋግ ሻደይ፣ በትግራይ አሸንዳ፣ በራያ ቆቦም ሶለል የሚባለው ይኸው በዓል፣ ልጃገረዶች የአገራቸውን ልምላሜ ራሳቸው ለብሰው በአደባባይ የሚያሳዩበት ነው። ይህን የመሰለ ጌጥ ከሩቅ በሚመጣ ገንዘብ ሊገኝ አይችልም፤ ሣሩ የሚበቅልበት የወንዝ ዳርና የእርሻ ድንበር ካልተጠበቀ በዓሉ ስሙን ብቻ ይዞ ይቀራል።

ይህ ሁሉ እያለ ላስታ ለምን ተራቆተ? ምክንያቱ ብዙ ነው። ሰው በዛ፤ እርሻው ከሜዳው ወደ ተዳፋቱ ወጣ፤ ለቤትና ለማገዶ የሚሆነው እንጨት ከዐጸዱ ውጪ ካለው ጫካ ተቆረጠ። የረኃብ ዘመንም ተጨመረበት፤ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በነበረው ክፉ ቀን፣ ከዚያም በ1965ና በ1966 ዓ.ም.፣ ከዚያም በ1977 ዓ.ም. በወሎ ላይ የደረሰው መዓት፣ የሚበላ ያጣውን ገበሬ ዛፍ ቆርጦ ማገዶና ከሰል እንዲሸጥ አስገድዶታል። በእንዲህ ያለ ቀን ዛፍ የቆረጠን ሰው መውቀስ አይገባም፤ ልጁን ለማትረፍ ነውና።

የባሕር ዛፍ ነገርም በዚህ ይነሣል። አፄ ምኒልክ አዲስ አበባን በ1879 ዓ.ም. ካቋቋሙ በኋላ በከተማዪቱ ዙሪያ የነበረው ጫካ አልቆ፣ መንግሥቱን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ ማሰብ ተደርሶ ነበር፤ ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ፈጥኖ ማደጉ ግን ከተማዪቱ በቦታዋ እንድትጸና ረዳ። ከዚያ በኋላ በየደጋው ሁሉ ተስፋፍቶ ላስታም ደረሰ። ባሕር ዛፍ ውኃ ይጠጣል፣ ከሥሩም ሌላ ተክል አያበቅልም ተብሎ ይከሰሳል፤ ክሱም እውነትነት አለው። ሆኖም ድኻው ቤቱን የሚሠራበትና ምጣዱን የሚያሰማበት እንጨት በማግኘቱ ከደብሩ ወይራና ጽድ ላይ መጥረቢያ እንዳያነሣ ረድቶታልና ምስጋናም ይገባዋል። ጥፋቱ ዛፉ ላይ አይደለም፤ ከምንጭ አጠገብና ከእርሻ ድንበር ላይ የተከለው ሰው ላይ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ግን ትምህርት የሚሆነን በቅርብ ዘመን የሆነው ነው። የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ያደረገው ዐዋጅ በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ሲታወጅ አድባራቱ የእርሻ መሬታቸውን ለቀቁ፤ በካቡ ውስጥ ያለው ዐጸድ ግን በአብዛኛው ከነዛፉ ቆየ። በኋላም ተራሮቹ ከከብት ተከልለው፣ ገበሬው በገበሬ ማኅበሩ እየታዘዘ፣ የምግብ ዕርዳታ ለሥራው እየተሰጠው፣ እርከን ሠራ፤ ብዙ ሚሊዮን ችግኝም ተተከለ። የላብ ሥራ ነበረና ሊመሰገን ይገባል። ነገር ግን በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ከተተከለው ዛፍ ብዙው በጥቂት ወራት ውስጥ በመጥረቢያ ወደቀ፤ የመንግሥት ዛፍ ተብሎ ነበርና፣ ያ መንግሥት ሲሄድ ጠባቂው አብሮ ሄደ። በዚያው ዓመት፣ በዚያው ኮረብታ፣ የደብሩ ወይራ ሳይነካ ቆመ። ሁለቱን ያለያያቸው የችግኙ ዘር ወይም የአፈሩ ጥራት አልነበረም፤ አንደኛው የታዘዘ፣ ሁለተኛው የተወደደ መሆኑ ነው።

ይህንኑ ነገር ሊቃውንት በጥናት አረጋግጠውታል። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር የሚገኙ የ28 አብያተ ክርስቲያናትን ደን መርምረው 168 ዓይነት እንጨታማ ተክል እንዳገኙ አስታውቀዋል፤ እጅግ የሚበዙትም የአገራችን ተክሎች ናቸው። ከብት በገባበት ደን ቡቃያው እንደሚጠፋ፣ ከብት በተከለከለበት ግን እንደሚያንሠራራ አሳይተዋል፤ ከምእመናኑ ጋር ተመካክረውም በየደብሩ ዙሪያ የድንጋይ ካብ እንዲካብ ረድተዋል። ድንጋዩ ከገበሬው ማሳ የተለቀመ ስለ ሆነ ማሳው ጠርቶ ዐጸዱ ተከለለ፤ አንድ ሥራ ሁለት በረከት አስገኘ። የላስታ ገበዝ ከጥንት የሠራውን ሥራ የዘመናችን ዕውቀት መልሶ መሰከረለት ማለት ነው። በአቡነ ዮሴፍም ላይ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚኖሩበት ደጋ በአካባቢው ሕዝብ ጥበቃ ሥር የተከለለ ስፍራ ሆኗል።

በላሊበላ ከተማ ውስጥ ግን ለተካዮች የተለየ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የከተማዪቱ አሥራ አንድ አብያተ ክርስቲያናት፣ በ1978 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ መጀመሪያ ከሰፈሩት 12 ስፍራዎች አንዱ የሆኑት፣ ወደ ታች ከተቆፈረ ለስላሳ የእሳተ ገሞራ ዐለት የተፈለፈሉ ናቸው። ጠላታቸው ውኃ ነው፤ ስለዚህ ፈልፋዮቹ የዝናቡን ውኃ ወደ ዮርዳኖስ የሚያወርድ ቦይ አብረው ቆፍረዋል። በስንጥቅ ውስጥ የገባ የዛፍ ሥርም ዐለት ይሰነጥቃል፣ ቦይም ይደፍናል። እንግዲህ በዐለቱ ጠርዝ ላይ ዛፍ መትከል ማስጌጥ ሳይሆን ማፍረስ ይሆናል፤ ዛፉ ራቅ ብሎ፣ አፈሩን በሚይዝበት ተዳፋትና ለተሳላሚው ጥላ በሚሆንበት መንገድ ዳር ሊተከል ይገባል። በየዓመቱ ታኅሣሥ 29 ቀን፣ በልደተ ክርስቶስ፣ ከሩቅ አገር በእግሩ ተጉዞ የሚመጣው ምእመን የሚያርፈው በዚያ ጥላ ሥር ነውና።

በሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአገራችን ሁሉ በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ እንደ ተተከለ መንግሥት አስታውቋል። ብዙ ሕዝብ በአንድ ቀን ለአንድ በጎ ሥራ መውጣቱ ያስደስታል። ነገር ግን መትከል የአንድ ቀን ሥራ ሲሆን ማጽደቅ የዓመታት ሥራ ነው፤ የአድባራቱ ታሪክ እንዳስረዳን፣ በአገራችን ዛፍን ለመቶ ዓመት ያኖሩት ስሙን የሚያውቁ ጠባቂዎች፣ በየዓመቱ የሚታደስ ካብ፣ ከትእዛዝም የሚበልጥ ክብር ናቸው።

እንግዲህ ላሊበላንና የላስታን መንደሮች በተክል ማስጌጥ የምትሹ ወጣቶች፣ መምህራንና የማኅበር አባላት ሆይ፣ አዲስ ሥርዓት ለመፈለግ ሩቅ መሄድ አያስፈልጋችሁም። ወደ ሰንበቴያችሁ፣ ወደ ጽዋ ማኅበራችሁ፣ ወደ ቅሬያችሁ ሂዱና ለእያንዳንዱ ችግኝ አንድ ሰው በስሙ ኃላፊ ይሁን፤ ከመትከላችሁ በፊት ካቡን ካቡ፤ ከባሕር ዛፉ ጎን ወይራውን፣ ጽዱንና ኮሶውን አትርሱ፤ ጓሮዋን የምታውቀውን እናት ጠይቃችሁ ተማሩ። የዛሬ ሦስትና አራት መቶ ዓመት የነበሩ ገበዞች የጠበቁት ወይራ ዛሬ እኛን ያስጠልለናል፤ እኛ የምንጠብቀው ደግሞ ገና ያልተወለዱትን ያስጠልላቸው።